ከማዶ የተሰማ ጩኸት

ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ጋዜጣ አለ። ጋዜጣውን ብል ከበላው ቆይቷል፤ ጸሐፊውም ይኑር ይሙት አላውቅም። ቢላዋ ሳነሣ ግን ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ይመጣል። «መሪዋ ተዋናይት ስታለቅስ፣ እንባዋ የሽንኩርት መሆኑ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይሸታል» ይላል።

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ራሴን ታላቅ ተዋናይት አድርጌ እቆጥራለሁ። በትምህርት ቤት ድራማ ሦስት ጊዜ ተጨብጭቦልኝ ነበርና ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለግሁም። ዳኛቸው የሚባል ሰው ነው ከታይፑ ያነሣኝ። ውጭ አገር ፊልም ተምሮ የተመለሰ፣ መንግሥትም ነጋዴም ሳይደግፈው በጓደኞቹ መዋጮ ብቻ ፊልም ለመሥራት የተነሣ፣ ትንሽ እብደት የቀላቀለ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ፊልማችንን ስም አልጠራውም። ያዩት ያስታውሱታል፤ ያላዩት ዕድለኞች ናቸው።

በዚያ ፊልም ላይ በሠርጓ ማግስት ባሏ የሞተባት ሙሽራ ሆኜ ነበር። ሲመረቅ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ አየሁት። ሬሳው ላይ ተደፍቼ ማልቀስ ስጀምር ከኋላ አንዱ «ኧረ ቀስ፣ እንዳትቀሰቅሺው!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። እናቴም ሳቀች። እናት ካልማረችኝ ጋዜጠኛ ይምረኛል ብዬ እንዴት ልጠብቅ?

ዳኛቸው ግን ተስፋ አልቆረጠብኝም። የ1966 የካቲት አልፎ፣ ከተማው ሁሉ ሰልፍና አድማ ሆኖ፣ ወታደሩም ተማሪውም የልቡን መናገር በጀመረበት ሰሞን ጠራኝ። የወሎ ረሃብ ከተደበቀበት ወጥቶ የሰው ሁሉ መነጋገሪያ የሆነበት ጊዜ ነው።

«ደብቀውት ነበር» አለኝ። «እኛ እናሳያለን። ልጇ በረሃብ የሞተባት እናት ትሆኛለሽ። አንድ ትልቅ የለቅሶ ትዕይንት አለ። ፊልሙ ያ ትዕይንት ነው፤ ሌላው አጃቢ ነው።»

«ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት።

«ሌላ ሰው የለኝም» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ይህ ካልሆነልሽ ግን ሰናይት፣ ወደ ታይፕሽ ተመለሺ። እኔም ፊልም የሚባል ነገር አልነካም» አለኝ።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው የሄድኩት። ያ ጋዜጣ ቃሉን እንዲውጥ፣ እናቴም በሚቀጥለው ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳይሆን ዓይኗ ላይ እንድታደርግ እፈልግ ነበር። ወሎ ለእኔ ያኔ ይህ ነበር፤ ማልቀስ የምችል መሆኔን የማረጋግጥበት ቦታ።

ከደሴ የእርዳታ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን፣ በአቀስታ በኩል አንድ ቀን ሙሉ እየተንገጫገጭን መካነ ሰላም ገባን። የዳኛቸው እናት ወገኖች ከዚያ ናቸው። እሱ ራሱ ግን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አገሩን የሚያውቀው በወሬ ነው። ከኛ ጋር ሦስተኛው ሰው ካሜራ አንሺው ጋሽ ሰይፉ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ሹማምንት ሪባን ሲቆርጡ ሲያነሣ የኖረ፣ ዝም ያለ፣ ጎምለል ያለ ሰው። ከመካነ ሰላም በበቅሎ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን አንድ ጎጥ ደረስን። ዳኛቸው ቦታውን የመረጠው ለመልኩ ነው። ገደል አፋፍ ላይ አንድ ግቢ አለ፤ ከፊቱ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ ሌላ ጎጥ ይታያል። ሲጠሩበት ገደሉ ያስተጋባል።

የግቢው ባለቤት አያ ይመር ይባላሉ። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ስንደርስ ያለቻቸውን አንዲት አጎዛ ለእኔ አነጠፉልኝ። በመንገዳችን ላይ በራቸው በእሾህ የተዘጋ ቤቶች አይተን ስለነበር ጠየቅኋቸው።

«አያ ይመር፣ ባለቤቶቹ የት ሄዱ?»

«እኒያ ወደ ደሴ ወረዱ» አሉኝ በእጃቸው እያመለከቱ። ከዚያ እጃቸው ወደ ሌላው ቤት ዞረ። «እኒያ ደግሞ አልወረዱም።»

እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ሚስት ነበረቻቸው ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። በልቤ የእጃቸውን አኳኋን እያጠናሁ ነበር፤ ለትወና ይጠቅመኛል ብዬ።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ወሩ ግንቦት ነው። አያ ይመር የእርዳታ ዘር ይታደላል ተብሎ ከበቅሎዎቻችን በአንዷ ወደ መካነ ሰላም ሊሄዱ ተነሡ።

«ፎቷችሁን አንሡ፤ ቤቱ ቤታችሁ ነው» ብለውን ወጡ።

ልናነሣ ያሰብነው ለቅሶ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ብንነግራቸው ኖሮ ምን እንደሚሉን ዛሬ አውቃለሁ። እሳቸውም ያላስጠነቀቁን ያለ ሬሳ የሚጮህ ሰው ይኖራል ብለው በሕልማቸውም ስላላሰቡ ነው።

ሥራ ጀመርን። ከደሴ ሆቴል የመጣ ትራስ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለን የሕፃን ሬሳ አደረግነው። እኔ ማቅ የመሰለ ቀሚስ ለብሼ ፊቴን አመድ ተቀብቻለሁ። ከበሩ ስገባ ልጄን ሞቶ አገኘዋለሁ፤ አንሥቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንበርክኬ አለቅሳለሁ።

አንደኛው ሙከራ አልሆነም። ሁለተኛውም አልሆነም። በሦስተኛው ላይ ጋሽ ሰይፉ ዓይኑን ከካሜራው አነሣና ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከእሱ ይህ ትልቅ ስድብ ነው። ዳኛቸው ወደ እኔ መጣ።

«ሽንኩርት ላስመጣልሽ?» አለኝ።

ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እጄ ትራሱን ይዟል። አራተኛው ላይ በንዴትና በኀፍረት ወጣሁ። በእሾህ የተዘጉት በሮች ዓይኔ ላይ መጡ፤ እናቴ መጣች፤ አዳራሹ መጣ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ጮህኩ።

«ልጄን! ወይኔ ልጄን! ኧረ የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!»

ገደሉ ተቀበለኝ። ከማዶው ግድግዳ ድምፄ ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሴት ድምፅ መሰለኝና ይበልጥ አስለቀሰኝ። ዳኛቸው «ቁም» ማለት ረስቶ ቆመ። ስጨርስ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ከቅርብ እናንሣው፣ ከጎን እናንሣው እያለ ሁለት ጊዜ ደገመኝ። ሁለቱንም ጊዜ ጮህኩ። ጩኸት ለካ አንዴ በር ከተከፈተለት በኋላ እሺ ይላል።

አረፍ ብለን ውኃ እየጠጣን ሳለን ጋሽ ሰይፉ ወደ ማዶ ትክ ብሎ አየ።

«ሰዎች እየወረዱ ነው» አለ።

አየናቸው። ከማዶው ጎጥ ሰዎች በቀጭኑ መንገድ ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። አንድ፣ ሦስት፣ ከዚያ መደዳውን። ሴቶቹ ከፊት ናቸው። ሩጫ ለመሮጥ ይሞክራሉ፤ ጥቂት ይሮጡና ያቅታቸዋል፤ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡና እንደገና ይሮጣሉ። የከረመ ረሃብ በጉልበታቸው ላይ ከሩቅ ይታይ ነበር።

«ገበያ ነው?» አልኩ።

«ቅዳሜ አይደለም» አለ ጋሽ ሰይፉ።

ወዲያው ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ድምፃቸውን አመጣልን። እያለቀሱ ነበር። ለሦስታችንም ነገሩ ያን ጊዜ ገባን። የአገሩ ደንብ ነው፤ የሞት ጩኸት የሰማ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ማን ሞተ፣ የማን ዘመድ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ደግሞ «የሰው ያለህ» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠርቻለሁ።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ደስ አለኝ። አንባቢዎቼ፣ አትፍረዱብኝ ብዬ አልለምናችሁም፤ ፍረዱ። ሰዎቹ ሸለቆ እየወረዱ እኔ በሆዴ «አመኑኝ!» አልኩ። እናቴ የሳቀችበት፣ ጋዜጣው ያላገጠበት ለቅሶዬ ገደል ተሻግሮ ሰው ከቤቱ አስወጣ። እንደዚያ ያለ ምስጋና በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አላገኘሁም።

ዳኛቸው ደግሞ ከእኔ ባሰ። «እግዜር ነው የላካቸው!» አለ። «እንዳትንቀሳቀሺ። ሰይፉ፣ ካሜራውን በሩ ላይ አነጣጥር። ሲገቡ ጀምሮ እናነሣለን።»

«ተው ዳኛቸው» አለ ጋሽ ሰይፉ። «ወርደን ቀድመን እንንገራቸው።»

«ለማን ብዬ ነው የምተወው? ይህን አገር ሙሉ ሊያየው ይገባል! ስንት ሺህ ሰው ሲያልቅ አንድ ፎቶ እንዳይወጣ አድርገዋል እኮ!»

ይህ እውነት ነበር። እኔ ትራሴን ታቅፌ ባለሁበት ተቀመጥኩ። ወርዶ የሚናገር አልተገኘም። ዳገቱን እስኪወጡ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው፤ ያን ሰዓት ሁሉ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ኃጢአቴን ስቆጥር ከጩኸቱ ይልቅ ይህች አንድ ሰዓት ትከብደኛለች።

ገቡ። ሴቶቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ወንዶቹ አራት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ከበሩ ጀምረው እየወደቁ መጡ። ወንዶቹ አጥሩ ጥግ ቆሙ። በእጃቸው የያዙትን አየሁ። መቆፈሪያ ይዘዋል። መቃብር ሊቆፍሩልኝ ነው የመጡት።

አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ከሁሉም ቀድመው መጥተው ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። በኋላ እንዳወቅኩት እትየ ዘሀራ ይባላሉ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። «አላህ ያጥናሽ። ባዳ አገር ልጅ መቅበር! ያረቢ!»

ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ጭብጥ የማትሞላ የገብስ ቆሎ ነበረች። ገና ትሞቃለች።

«እዝን ነው» አሉ፤ ለሐዘንተኛ የሚመጣ እህል ማለታቸው ነው። «ንፍሮ ልናደርገው ነበር ደንቡ፤ እንዳንዘገይብሽ ቆላነው። ጥቂት ናት፤ ኸዘሩ ላይ ያነሣናት ናት።»

ከዘሩ ላይ። እነዚያ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሆዳቸውን አስረው ለክረምት ያስቀመጡት ዘር ነው። የተቆላ ዘር ደግሞ አይበቅልም። ይህን ለማወቅ ገበሬ መሆን አያሻም። ቆሎው በቀሚሴ አልፎ ጭኔን ሲያሞቀኝ፣ ያ በሆዴ የነበረው ደስታ የት እንደገባ አላውቅም።

ካሜራው ሲሽከረከር ይሰማኛል። አንዲት ረጅም፣ ፊቷ የከሳ ሴት ከመሐል ወጥታ ፊቴ ተንበረከከች። እትየ ሽታየ ናት፤ የሁለቱም ጎጥ አልቃሽ። አልቃሽ ግጥሟን ከማውረዷ በፊት የሟቹን ስም ትጠይቃለች፤ ያለ ስም ሙሾ የለም።

«ልጄ፣ ማን ልበለው?» አለችኝ። «ስሙን ንገሪኝ።»

ከኋላዬ ዳኛቸው በሹክሹክታ «ስም ስጫት! ያገኘሽውን ስም!» አለ።

አፌን ከፈትኩ። በጽሑፉ ላይ ልጁ ስም ነበረው፤ ምላሴ ላይ ነው። ያንን አንድ ቃል ብተነፍስ ለቅሶው ይቀጥላል፣ ፊልሙ ይሆናል፣ ጋዜጣው ቃሉን ይውጣል። እትየ ሽታየ ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። ካልነገርኳትም ልትቆጣኝ አይደለም፤ ሐዘንተኛ ስም ቢጠፋው ያለ ነው። ስሙ ግን አልወጣልኝም። ለሌለ ልጅ ስም አውጥቼ፣ የእነዚህን ሴቶች እንባ በዚያ ስም ላስፈስስ አልቻልኩም።

«እትየ» አልኩ፣ «የሞተ የለም።»

ሴቶቹ ይበልጥ አለቀሱ። እትየ ዘሀራ ጀርባዬን ዳበሱኝ።

«አወ ልጄ፣ መጀመሪያ እንዲሁ ያስብላል» አሉ። «እኔም ብዬዋለሁ። አብሽሪ።»

«አይደለም! እውነቴን ነው! የሞተ የለም!»

ባልኩ ቁጥር የባሰ እብደት መሰላቸው። ሌላ መንገድ አጣሁ። ጋቢውን ያዝኩና ገለጥኩት። ነጩ ትራስ ወጣ። ጥጉ ላይ በቀይ ክር የሆቴሉ ክፍል ቁጥር ተጠልፎበታል፤ ሰባት።

ደረት የምትደቃ አንዲት ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስድቡን፣ እርግማኑን፣ ምናልባትም ዱላውን ጠበቅኩ። የሚገባኝም እሱ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትየ ዘሀራ ናቸው። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። «ልጅ አልሞተማ! እሰይ! ልጅ አልሞተም!»

«ተመስገን! ተመስገን!» ተባባሉ ሴቶቹ። አንዷ እልል ልትል ጀምራ በጉልበት ማጣት መሐል ላይ ቆረጠችው። ከአጥሩ ጥግ አንዱ ሰውዬ መቆፈሪያውን መሬት ላይ ጥሎ፣ «ኸቁፋሮ ገላገለችን፤ ዕድሜ ይስጣት» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

በእንባ የመጣ ሰው የሞተ የለም ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ምስጋና ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ባላይ እኔም አላምንም ነበር። ያኔ ነው በእውነት ያለቀስኩት፤ ያለ ድምፅ፣ ንፍጤ እየወረደ፣ ለካሜራ በማያመች ሁኔታ።

እትየ ሽታየ ግን አልሳቀችም። ትራሱን አንሥታ ክብደቱን መዘነችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ለምን ጮህሽ ታዲያ?» አለችኝ።

«ሥራዬ ነው እትየ። አስመስዬ ማልቀስ። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች እናንተ ላይ የደረሰውን እንዲያዩ ተብሎ።»

«በኛ የደረሰውን?»

«አዎ።»

«ኸኛ ሳትጠይቁ?»

ቆሎዋን አንሥቼ ለእትየ ዘሀራ ልመልስላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«የተቆላ ወዴት ይመለሳል?» አሉኝ። «ያዢው።»

እትየ ሽታየ ከተንበረከከችበት ተነሣች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«እናንተ» አለች፤ «ጩኸት ተነሥቶ ደረት ተደቅቶ ባዶውን አይመለስም። እኔ ልጄን ደሳለን የቀበርኩት ያለ ለቅሶ ነው። ድምፅ የሚያወጣ ጉልበት አልነበረኝም። እናንተም አልመጣችሁልኝም፤ አልፈርድባችሁም፣ የናንተም ሬሳ እቤታችሁ ተኝቶ ነበር። አሁን ግን ይኸው ተሰብስበናል።» ወደ እኔ ተመለሰች። «ልጄ፣ ቦታውን ትለቂልኛለሽ?»

የሐዘንተኛዋን ቦታ ማለቷ ነው። ተነሣሁ። በተቀመጥኩበት ተቀመጠች። ትራሱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ከአንገቷ ላይ አንዲት ጥቁር የማተብ ክር አውጥታ ጋቢው ላይ አኖረች። የልጅ ናት፤ አጭር። ሬሳው በሌለበት የሟቹ ንብረት ተቀምጦ ይለቀስለታል። እትየ ዘሀራ የልጄ የሰይድ ናት ብለው ከመቀነታቸው አንዲት ቁልፍ ፈትተው ከጎኗ አስቀመጡ፤ የሸሚዝ ቁልፍ። አንዷ አመልማሎ፣ አንዷ የተበጠሰ መቀነት፣ ምንም ያልያዘችው ደግሞ ጠጠር አንሥታ አስቀመጠች። እትየ ሽታየ ጀመረች።

ሳላለቅስ ቀረሁ ጉልበቴን አጥቼ፣
ዛሬ በሰው ጩኸት መጣሁ ተጠርቼ።

ዳኛቸው ካሜራው ጋ ሄዶ «አንሣ! አንሣ እንጂ!» ሲል ሰማሁት። ጋሽ ሰይፉ ቀስ ብሎ ክዳኑን ሌንሱ ላይ ገጠመ።

«ፊልም አልቋል» አለ።

አላለቀም ነበር። ሁለት ያልተከፈቱ የፊልም ቆርቆሮዎች በሣጥኑ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከመካነ ሰላም ጀምሮ የተሸከምኳቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይፉ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ዝም አልኩ። ፊልሜ፣ ስሜ፣ ጋዜጣው፣ ሁሉም እዚያ ሣጥን ውስጥ እንደተዘጋ ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩት።

ሄጄ ከሴቶቹ መሐል፣ ከጫፍ ተቀመጥኩ። የሟቾቻቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። እኔም ሲቀበሉ ተቀበልኩ። ፀሐይ ዘወር ስትል አያ ይመር ከመካነ ሰላም ተመለሱ። ግቢያቸው ለቅሶ ሆኖ ቢያገኙት ከበቅሎ ዘለው ሮጡ። አንዱ ሰውዬ አጥሩ ጋ ይዞ ነገሩን አስረዳቸው። ከዚያ የዘር ስልቻቸውን መሬት አስቀመጡና፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው ወደ መሐል ገቡ።

«ስንዱ!» አሉ። «ስንዱዬ!»

የሚስታቸውን ስም ያወቅኩት በዚያ ነው።

ሲያበቃ ያቺን ጭብጥ ቆሎ ተካፈልናት፤ ለእያንዳንዳችን ጥቂት ፍሬ ደረሰን። አያ ይመር የእትየ ዘሀራን ነጠላ ጫፍ ይዘው ከስልቻቸው ዘር ጨመሩላቸውና መልሰው ቋጠሩት። እትየ ሽታየ ከመውጣቷ በፊት ወደ እኔ መጣች።

«ድምፅሽ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ኸማዶ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። በከንቱ ግን አታውጪው ልጄ። የሰማ ሰው ይመጣል።»

ዳኛቸው ከጎጡ ከወጣን ጀምሮ እስከ ደሴ ድረስ አላነጋገረኝም። ደሴ ስንደርስ ብቻ፣ «ያንን ብናነሣው ኖሮ ዓለም ይሰማቸው ነበር» አለኝ። ተሳስቷል ብዬ ዛሬም አልምልም። የእነዚያ ሰዎች ለቅሶ ቢታይ ምናልባት አንድ የሚሰማ ይገኝ ነበር። ግን እትየ ሽታየ «ኸኛ ሳትጠይቁ?» ብላ የጠየቀችኝን ጥያቄ እሱም እኔም አልመለስንላትም።

አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ያ ገደሉን የተሻገረው ጩኸቴ በፊልሙ ላይ የለም። እኔና ጋሽ ሰይፉ ከጎጡ ሳንወጣ ያን ቀን የተነሣውን ፊልም ሁሉ ብርሃን አስገባንበት፤ የሴቶቹን መግባት ለማጥፋት ስንል የእኔም አብሮ ጠፋ። ለዳኛቸው ካሜራው ብርሃን አስገብቶ ፊልሙ ተበላሸ አልነው። በማግስቱ፣ ከሣጥኑ ሥር ተገኙ ባልናቸው በሁለቱ ቆርቆሮዎች፣ ትዕይንቱን እዚያው ቦታ ድጋሚ አነሣነው። ትራሱን ይዤ ወጣሁ፤ አፋፉ ላይ ተንበረከክሁ፤ ማዶውን አየሁ። ከአንዱ ቤት ጢስ ይወጣ ነበር። ዳኛቸው «ጩኺ!» አለኝ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ፊቴን አዞርኩ። አምስት ጊዜ አስደገመኝ፤ አምስቱንም ጊዜ እንዲሁ።

ፊልሙ የታየው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው። የሰዓት እላፊ ስለነበረ ከቀትር በኋላ ነው ያሳየነው፤ እናቴም መጣች። በዚህኛው ማንም አልሳቀም፤ ማንም አላለቀሰምም። ጋዜጣው ግን አልረሳኝም። «በታላቁ የለቅሶ ትዕይንት» ይላል፣ «ተዋናይቷ ድምፅ የላትም፤ ፊቷንም ከተመልካች አዙራለች። የጭቁኑን ሕዝብ ብሶት አፍና አስቀርታዋለች። ከሁለት ፊልም በኋላም ማልቀስ አልተማረችም።» ዳኛቸው እንዳለው ፊልም አልነካም። እኔም ወደ ታይፔ ተመለስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አዘነች ብላችሁ አትዘኑልኝ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ስሰማ ተቀምጬ አላውቅም፤ ማን ሞተ ብዬ አልጠይቅም፣ ነጠላዬን አንሥቼ እወጣለሁ። ያን ትምህርት ያገኘሁት በትራስ ነው። የመጀመሪያው ጋዜጣ ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር ይቆጠቁጠኛል፤ ሁለተኛውን ግን በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ሃያሲው ያየውን ነው የጻፈው፤ ድምፅ አልነበረኝም። ከሲኒማ ቤቱ ወንበር ላይ ሆኖ ማዶው አልታየውም እንጂ። ብጮህ ኖሮ ይሰሙኝ ነበር። ከሰሙኝ ደግሞ፣ ዘራቸውን ቆልተው ይመጣሉ።